ተቃዋሚ፣ ምትክ፣ አስመሳይ፦ «አንቲ» የተሰኘው ባዕድ መነሻ በሕክምና ታሪክ

ዘመናዊው ሕክምና ከግሪክ ቋንቋ ከወረሳቸው ባዕድ መነሻዎች መካከል «አንቲ» ከምርምር ክፍል ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤትም ወደ ዕለታዊ ንግግር በስፋት የዘለቀ ነው። አንቲባዮቲክ፣ አንቲሴፕቲክ፣ አንቲቦዲ፣ አንቲጅን፣ አንቲቶክሲን፣ አንቲሂስታሚንና አንቲአሲድ የሚባሉት ስሞች ሁሉ በዚሁ መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አማርኛ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹን «ፀረ» በሚለው ቃል ይፈታቸዋል። ይሁንና ስሞቹ የወጡበት ዘመንና ምክንያት ሲመረመር መነሻው በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ፍቺ እንዳልነበረው ይታያል። መድኃኒትን የበሽታ ጠላት አድርጎ ማየት የቃሉ አንድ ገጽታ ብቻ ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመድኃኒቶች አሠራር በዝርዝር ሲታወቅ ደግሞ «ትይዩ» እና «ምትክ» የሚሉት ጥንታዊ ፍቺዎች ከጠላትነት ይልቅ ለእውነታው የቀረቡ ሆነው ተገኝተዋል።

የቃሉ ጥንተ ትርጉም

በጥንታዊው ግሪክ «አንቲ» ራሱን ችሎ የሚቆም መስተዋድድ ነበር። ቀዳሚ ፍቺው «ፊት ለፊት» ወይም «ትይዩ» የሚል ሲሆን፣ ከዚህ ተነሥቶ «በምትክ» እና «በልዋጭ» የሚሉ ፍቺዎችን አግኝቷል፤ «ተቃራኒ» የሚለው ፍቺ ደግሞ በተለይ ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ ሲገባ የጎላ ነው። በአቴና ሕግ «አንቲዶሲስ» የሚባል ሥርዓት ነበር። በራሱ ወጪ የጦር መርከብ እንዲያሰናዳ ወይም ለበዓል የመዘምራን ቡድን እንዲያቋቁም የታዘዘ ባለጸጋ፣ ከእርሱ የበለጠ ሀብት አለው የሚለውን ሌላ ዜጋ ጠርቶ ግዴታውን እንዲቀበለው፣ እምቢ ካለም ንብረታቸውን እንዲለዋወጡ መጠየቅ ይችል ነበር። በዚህ ስም ውስጥ «አንቲ» የሚያመለክተው ልውውጥን እንጂ ጠብን አይደለም።

የጠፈርና የምድር አጥኚዎችም ቃሉን በ«ትይዩ» ፍቺው ተጠቅመውበታል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የፓይታጎራስ ተከታይ ፊሎላውስ፣ ለሰው ዓይን የማትታይ «አንቲክቶን» የምትባል ትይዩ ምድር እንዳለች ያስተምር ነበር። በሉሉ ማዶ እግራቸውን ከእኛ እግር ትይዩ አድርገው የሚቆሙ ሰዎች «አንቲፖዴስ» ተብለዋል። ሰሜናዊው ሰማይ «አርክቶስ» ማለትም ድብ በምትባለው የከዋክብት ስብስብ ስለሚታወቅ፣ ከድቧ ትይዩ ያለው የምድር ጫፍ አንታርክቲክ የሚለውን ስም ያገኘ ሲሆን፣ አህጉሩ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራል።

የቃሉ ድርብ ጠባይ በኢትዮጵያ የትርጉም ታሪክም አሻራውን ትቷል። «አንቲክሪስቶስ» የሚለውን የአዲስ ኪዳን ቃል የግእዝ ተርጓሚዎች «ሐሳዊ መሲሕ» በማለት ሲፈቱት፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «የክርስቶስ ተቃዋሚ» ብሎታል። የመጀመሪያው ፍቺ በመሲሑ ቦታ ተተክቶ መሲሕ ነኝ የሚለውን አስመሳይ፣ ሁለተኛው በግልጽ የሚፃረረውን ጠላት ያሳያል፤ ሁለቱንም የግሪኩ ቃል ይሸከማቸዋል። ይህ በአስመሳይና በጠላት መካከል ያለው ልዩነት ከሥነ መለኮት አልፎ የመድኃኒቶችን አሠራር ለመረዳትም የሚጠቅም ነው።

ከመርዝ ማርከሻ ወደ ብስባሴ መከላከያ

በሕክምና ውስጥ ከቤተሰቡ ስሞች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ «አንቲዶቶስ» ነው። ቃሉ «በአጸፋው የተሰጠ» ማለት ሲሆን፣ አማርኛ «ማርከሻ» የሚለው ዓይነት መድኃኒት መጠሪያ ነበር። በጥቁር ባሕር ዳርቻ የጶንጦስ ንጉሥ የነበረውና ከሮማውያን ጋር ለረጅም ጊዜ የተዋጋው ስድስተኛው ሚትሪዳቴስ፣ በመርዝ መገደልን ይፈራ ስለነበር በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት መርዝ ከማርከሻ ጋር እየወሰደ ሰውነቱን ያለማምድ እንደነበር ይተረካል። በ63 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሞተ በኋላ በስሙ የሚጠራው ቅመም በሮም ተስፋፋ። የንጉሠ ነገሥት ኔሮን ሐኪም የነበረው አንድሮማኩስ ደግሞ የእፉኝት ሥጋ ጨምሮበትና የቅመማቱን ቁጥር ከ60 በላይ አድርሶ «ቴሪያካ» የተሰኘውን መድኃኒት አዘጋጀ። ታላቁ ሐኪም ጋሌን ስለ ማርከሻዎች ሁለት መጻሕፍት ከመጻፉም በላይ ለንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዎስ ይህንኑ ቅመም ያዘጋጅ ነበር።

ከእነዚህ ቅመሞች ጀርባ የነበረው አስተሳሰብ በሽታ በተቃራኒው ይድናል የሚል ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ጤና ማለት የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት ሚዛን ሲሆን፣ ሙቀት የበዛበት በቀዝቃዛ፣ እርጥበት የበዛበት በደረቅ ነገር ይታከማል። ቴሪያካ በዐረብ ሐኪሞች በኩል «ቲርያቅ» እየተባለ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በቬኒስ ነጋዴዎች በኩል በአውሮፓ ከ1,500 ዓመት በላይ ገበያ ላይ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1745 ቅመሙ ከንቱ መሆኑን የሚያስረዳ አጭር ድርሳን ሲያሳትም «አንቲቴሪያካ» የሚል ርእስ ሰጠው፤ በአንቲዶቶስ ስም የነገሠውን መድኃኒት ያንኑ ባዕድ መነሻ አንሥቶ ተቃወመው።

በዚያው ዘመን ቃሉ አዲስ ባላንጣ አገኘ፤ እርሱም ብስባሴ ነው። በፍላንደርስ የዘመተው የብሪታንያ ጦር ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ፕሪንግል፣ በጦር ሰፈርና በሆስፒታል የወታደሮች ቁስል እየመረቀዘ ብዙዎች ሲሞቱ ካየ በኋላ፣ ሥጋን ከመበስበስ የሚያቆዩ ጨዎችን፣ አሲዶችንና የእፅዋት ጭማቂዎችን እርስ በርስ አወዳድሮ መረመረ። «ሴፕሲስ» በግሪክ መበስበስ ማለት በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1750 ጀምሮ ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ባቀረባቸው ጽሑፎች እነዚህን ነገሮች «አንቲሴፕቲክ» ብሎ ጠራቸው፤ ማኅበሩም በ1752 የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። ፕሪንግል ብስባሴን የሚያመጡት ሕያዋን ተሕዋስያን መሆናቸውን አያውቅም ነበር፤ ስያሜው ምክንያቱ ከመታወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ወጣ።

የጎደለውን ምክንያት ያቀረበው የሉዊ ፓስተር ጥናት ሲሆን፣ ጥናቱን አንብቦ ወደ ቀዶ ሕክምና ያመጣው በግላስጎው ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ሊስተር ነው። በዚያን ጊዜ አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳውን የቀደደ በሽተኛ እግሩ ይቆረጥ ነበር፣ አለዚያም ቁስሉ መርቅዞ ለሞት ያበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1865 የጋሪ መንኰራኩር እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ ወደ ግላስጎው ሆስፒታል ሲመጣ፣ ሊስተር ለከተማ ፍሳሽ ሽታ ማጥፊያ ይውል በነበረው ካርቦሊክ አሲድ ጨርቅ ነክሮ ቁስሉን ሸፈነ፤ ቁስሉ ሳይመረቅዝ አጥንቱ ገጠመና ልጁ በስድስት ሳምንት ገደማ ዳነ። ሊስተር በ1867 ላንሴት በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ «አንቲሴፕቲክ» የሚለውን ቃል ከቤተ ሙከራ አውጥቶ የመላው ዓለም የቀዶ ጥገና ክፍሎች መመሪያ አደረገው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1847 በቪየና የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ያዘዘው ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ የእናቶችን ሞት በእጅጉ ቢቀንስም አብዛኞቹ የዘመኑ ሐኪሞች አልተቀበሉትም ነበር።

ወዲያው ግን ለባዕድ መነሻው ተፎካካሪ መጣ። በበርሊን ኤርንስት ፎን ቤርግማንና ባልደረቦቹ መሣሪያን፣ ፋሻንና የሐኪም ልብስን በእንፋሎት ማምከን ሲጀምሩ፣ ዘዴው «ኤሴፕሲስ» ተባለ፤ በዚህ ስም መነሻ ላይ ያለው የግሪክ «ኣ» «ያለ» ወይም «የሌለበት» ማለት ነው። አንቲሴፕሲስ ቁስል ላይ የደረሰውን ጀርም በኬሚካል ሲያጠቃ፣ ኤሴፕሲስ ጀርሙ ከመነሻው እንዳይደርስ ያደርጋል፤ የዛሬው ቀዶ ሕክምና በዋናነት የቆመውም በሁለተኛው ላይ ነው።

በቤተሰቡ ዙሪያ በመልክ ብቻ የሚመሳሰሉ ባዕዳን ቃላትም አሉ። አንቲሞኒ የተባለው ንጥረ ነገር፣ መነኮሳት መርዝነቱን ሳያውቁ ወስደውት ስለሞቱ «ፀረ መነኩሴ» ተባለ የሚል ተረት ቢነገርለትም ይህ ኋላ የተፈጠረ ፍቺ ነው። ከማዕድኑ ዓይነቶች አንዱ በጥንት ሥልጣኔዎች ለኩል ይፈጭ የነበረ ሲሆን፣ የአንቲሞኒ ጨው ደግሞ በሑመራና በመተማ ቆላ የሚገኘውን ካላዛር ለማከም በመርፌ ይሰጣል። እንዲሁም በእርግዝና ክትትል የእንግሊዝኛ ስም ውስጥ የሚሰማው «አንቴ» የላቲን ቃል ሲሆን ፍቺው «ቅድመ» እንጂ «ፀረ» አይደለም።

በደም ውስጥ የተገኘው ተዛማጅ

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በ«አንቲ» የሚጠራው ነገር ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ቅመም ወይም ኬሚካል ነበር። በበርሊን በሮበርት ኮኽ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1890 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን ለወጠው። ፓሪስ ላይ ኤሚል ሩና አሌክሳንደር የርሳን ዘጊ አነዳ የተባለው የጉሮሮ በሽታ ሕፃናትን የሚገድለው ባክቴሪያው በሚያመነጨው መርዝ ማለትም በቶክሲን መሆኑን አስቀድመው አሳይተው ነበር። ቤሪንግና ኪታሳቶ ደግሞ መርዙን ጥቂት በጥቂት የተለማመደ እንስሳ የደም ውሃ ማለትም ሴረም ወደ ሌላ እንስሳ ሲዛወር፣ ተቀባዩን ከዘጊ አነዳና ከመንጋጋ ቆልፍ መርዝ እንደሚጠብቀው አረጋገጡ። በደሙ ውስጥ ያለው መርዙን የሚያከሽፍ ነገር አንቲቶክሲን ተባለ። ሚትሪዳቴስ ያደርገው ነበር የተባለው ልምምድ በዚህ መልኩ ሳይንሳዊ መሠረት አገኘ፤ ማርከሻውን የሚሠራው ግን ቀማሚ ሳይሆን ራሱ አካሉ ሆነ።

አንቲቶክሲንን በብዛት ለማግኘት ፈረሶች በየጊዜው መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ ቶክሲን ይወጉና ደማቸው ይቀዳ ነበር። ሩ በ1894 በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ያደረገው ሕክምና በዘጊ አነዳ የሚሞቱትን ሕፃናት ከግማሽ ገደማ ወደ ሩብ ገደማ ዝቅ አደረገ። በእነዚያው ዓመታት አልቤር ካልሜት በዚሁ ዘዴ የእባብ መርዝ ማርከሻ የሆነውን ሴረም አዘጋጀ። ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አንቲቶክሲን ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት የተነሣው ፓውል ኤርሊኽ ነው። በ1891 ባሳተመው ጥናት በጀርመንኛ «ተቃዋሚ አካል» የሚል ፍቺ ያለውን ስም ተጠቀመ፤ በእንግሊዝኛ በኩል ያለፈው አንቲቦዲ የተገኘው ከዚህ ነው፤ የአማርኛ የጤና ጽሑፎችም «ፀረ እንግዳ አካል» ይሉታል። ስሙ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም፤ የዘመኑ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በየራሳቸው ስም ይጠሩት ነበር። ኤርሊኽ በ1897 በዘረጋው ትንታኔ አንቲቦዲ ከመርዙ ጋር የሚያያዘው ቁልፍ ከመቆለፊያው ጋር እንደሚገጥም ሁሉ ቅርጻቸው ስለሚዛመድ ነው አለ። ስለዚህ «ተቃዋሚ» የተባለው አካል ሥራውን የሚሠራው የባላንጣውን ቅርጽ በትክክል በመግጠም ሆነ፤ ይህም ከጠላትነት ይልቅ «ትይዩ» ለሚለው ጥንተ ፍቺ የቀረበ ነው።

አንቲጅን የሚለው ስም ደግሞ ከሁሉም በላይ አንባቢን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1899 ሃንጋሪያዊው ላስሎ ዴትሬ የተጠቀመበት ይህ ስም «አንቲቦዲን የሚያስገኝ» የሚል ሐሳብ ያጠረ ሲሆን፣ «ጅን» የሚለው ክፍል ከግሪኩ «መውለድ» የመጣ ነው። ስለሆነም አንቲጅን የማንም ተቃዋሚ ሳይሆን ተቃዋሚውን የሚያስወልደው የባዕድ ነገር ክፍል ነው።

የመድኃኒት ገበያና የአንቲባዮቲክ ስያሜ

በዚያው ዘመን የጀርመን የቀለም ፋብሪካዎች የኬሚካል ተረፈ ምርታቸውን ወደ መድኃኒት መለወጥ ጀምረው ነበር። ሉድቪግ ክኖር የኪኒን ምትክ ሲፈልግ በ1883 ያገኘው ትኩሳት አብራጅ «አንቲፒሪን» ተብሎ ተሸጠ፤ «ፒር» በግሪክ እሳት ነው። በ1886 ደግሞ በሽትራስቡርግ አርኖልድ ካንና ፓውል ሄፕ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በስሕተት የተላከላቸውን ኬሚካል ለበሽተኛ ሲሰጡ ትኩሳቱ መብረዱን አዩ፤ ኬሚካሉም «አንቲፌብሪን» ተብሎ ገበያ ወጣ። የሁለተኛው ስም «ፌብሪስ» የሚለው ክፍል ላቲን በመሆኑ፣ የግሪኩ መነሻ ከዚያ ወዲያ ከማናቸውም ቋንቋ ቃል ጋር የሚጣበቅ የንግድ ምልክት ወደ መሆን አዘነበለ።

አንቲባዮቲክ የሚለው ስም አመጣጡ ከዚህ የተለየ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪይመ እ.ኤ.አ. በ1889 አንዱ ሕያው ፍጡር የራሱን ሕይወት ለማቆየት የሌላውን የሚያጠፋበትን ግንኙነት «አንቲቢዮዝ» ብሎ ጠራው፤ ይህም ተባብሮ መኖርን ከሚገልጸው «ሲምቢዮዝ» ጋር በተቃራኒነት የቆመ ነበር። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ የተፈጥሮ ግንኙነት ስም እንጂ የመድኃኒት ስም አልነበረም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 በለንደን አንድ ሻጋታ በዙሪያው ያሉትን ባክቴሪያዎች ሲያሟሟ ተመልክቶ ለሻጋታው ጭማቂ ፔኒሲሊን የሚል ስም ሰጠ፤ ሃዋርድ ፍሎሪና ኤርንስት ቼይን ደግሞ በኦክስፎርድ አጣርተው ለሕክምና አበቁት። በአሜሪካ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ተሕዋስያንን ያጠና የነበረው ሰልማን ዋክስማን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለእነዚህ ነገሮች የወል መጠሪያ ሲያስፈልግ «አንቲባዮቲክ» የሚለውን ስም አቀረበ። ፍቺውም በረቂቅ ተሕዋስያን የሚመረትና የሌሎችን ተሕዋስያን ዕድገት የሚያቆም ወይም የሚገድል ነገር የሚል ነበር። በ1943 በቤተ ሙከራው ተማሪው አልበርት ሻትስ ያገኘው ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት ሆነ፤ በ1952 ግን የኖቤል ሽልማቱን ዋክስማን ብቻውን ተቀበለ።

በዚህ ፍቺ ከተሄደ በጀርመን በጌርሃርድ ዶማክ ምርምር በ1930ዎቹ ለገበያ የበቁት የሰልፋ መድኃኒቶች አንቲባዮቲክ አይደሉም፤ በፋብሪካ የተቀመሙ ናቸውና። ይሁንና የዕለት ንግግር ይህን ልዩነት አልጠበቀም። ስሙ ቃል በቃል «ፀረ ሕይወት» በመሆኑ ስፋቱ ለከት የለውም፤ አንቲባዮቲክ በቫይረስ የሚመጣውን ጉንፋን የማያድን መሆኑ ግን ከስሙ አይነበብም።

አስመሳይ መድኃኒቶች

የሰልፋ መድኃኒቶች ባክቴሪያን እንዴት እንደሚያጠቁ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በለንደን ዶናልድ ዉድስ እንዳሳየው፣ ሰልፋ ባክቴሪያው ፎሊክ አሲድ ለመሥራት ከሚጠቀምበት ንጥረ ነገር ጋር በቅርጹ በጣም ስለሚመሳሰል፣ ባክቴሪያው ትክክለኛውን ግብአት ያገኘ መስሎት ሰልፋውን ይቀበልና ሥራው ይቆማል። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች «አንቲሜታቦላይት» ተባሉ፤ በዚህ ስም ውስጥ መነሻው ከ«ተቃዋሚ»ነት ይልቅ «በምትክ የገባ አስመሳይ» መሆንን ያሳያል። የግእዝ ተርጓሚዎች «ሐሳዊ» ያሉት ዓይነት መሆኑ ነው።

ይህ ግንዛቤ ወደ ካንሰር ሕክምናም ተሻግሯል። በቦስተን ሲድኒ ፋርበር ፎሊክ አሲድን በሚመስል አሚኖፕተሪን በተባለ ኬሚካል የደም ካንሰር የያዛቸውን 16 ሕፃናት አክሞ በ10ሩ ላይ ጊዜያዊ መሻሻል ማየቱን በ1948 አሳተመ፤ ሕፃናቱ በኋላ ቢሞቱም የካንሰር ኬሞቴራፒ ከዚህ ጥናት ብዙ ተቀብሏል። በኢትዮጵያ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ለወባ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳርም የወባ ተሕዋሲን የፎሊክ አሲድ ሥራ በሁለት አስመሳዮች የሚያውክ ነበር፤ ተሕዋሲው መድኃኒቱን በመላመዱ በኮአርተም ተተክቷል። የፔኒሲሊን ምስጢርም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ በ1965 በአሜሪካ ዶናልድ ቲፐርና ጃክ ስትሮሚንገር እንዳስረዱት፣ ፔኒሲሊን የባክቴሪያውን ግድግዳ ከሚገነቡት ጡቦች የአንዱን ጫፍ ስለሚመስል፣ ግንበኛው ኤንዛይም ይዞት እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

ከባክቴሪያ ውጭ ያሉ መድኃኒቶችም ከዚህ ሕግ አልወጡም። ዳንኤል ቦቬት በፓስተር ተቋም በ1937 ያገኘውና ለአለርጂ ለሚሰጡት መድኃኒቶች ፈር የቀደደው አንቲሂስታሚን፣ ሂስታሚን የተባለውን የሰውነት ኬሚካል አያጠፋውም፤ ሂስታሚን የሚያርፍበትን የሕዋስ መቀበያ ቀድሞ በመያዝ ወይም በማገድ ምልክቱ እንዳይተላለፍ ያደርጋል እንጂ። ከኦፒየም ዘር ለሆኑ መድኃኒቶች መመረዝ የሚሰጠው ናሎክሶንም በዚሁ መንገድ የሌላውን ወንበር ይይዛል። ከሕክምና ውጭ ፖል ዲራክ በ1931 «አንቲኤሌክትሮን» ብሎ የተነበየውና በዓመቱ ካርል አንደርሰን ያገኘው ፖዚትሮን ደግሞ፣ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል ክብደት ኖሮት በኤሌክትሪክ ባሕርዩ ተቃራኒ የሆነ ትይዩ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ተያይዘው መጥፋታቸው የሚያመነጨው ጨረር ዛሬ ካንሰርን በምስል ለመለየት ያገለግላል።

«ፀረ» በአማርኛ

አማርኛ ለዚህ መነሻ የመረጠው «ፀረ» ታሪኩ የተለየ ነው። በግእዝ «ፀር» «ጠላት» የሚል ፍቺ ያለው ስም ሲሆን፣ ከሌላ ስም ጋር በዘርፍ ሲያያዝ «ፀረ» ይሆናል፤ ፍቺውም «የእገሌ ጠላት» ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በተቃዋሚዎቻቸው «ፀረ ማርያም» ተብለው ተወግዘዋል። ቃሉ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ዘመን «ፀረ አብዮት»፣ «ፀረ ሕዝብ» እና «ፀረ አንድነት» በሚሉ ስያሜዎች የየዕለቱ የፖለቲካ ቋንቋ ሆነ። በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ በግብርናና በጤና ትምህርት «ፀረ ተባይ»፣ «ፀረ አረም»፣ «ፀረ ወባ» እና «ፀረ ተሕዋስያን» የሚሉት ተለመዱ፤ በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት ፀረ ኤድስ ክበባትም ስሙን ወደ ተማሪው አደረሱት።

«ፀረ» ከ«አንቲ» አንድ ገጽታ ብቻ የሚጋራ ነው፤ ጠላትን እንጂ ትይዩን ወይም ምትክን አያመለክትም። በሌላ በኩል ደግሞ ከ«አንቲ» ይሰፋል። ፀረ ተባይና ፀረ አረም በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠሩት በ«አንቲ» ሳይሆን ከላቲን «መግደል» በተወሰደ ቅጥያ በመሆኑ፣ የሚገድለውም፣ የሚያግደውም፣ የሚያስመስለውም በአማርኛ በአንድ ስም ሥር ይገባሉ።

ይህ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ታሪክ በግልጽ ይታያል። የመጀመሪያው መድኃኒት ዚዶቩዲን በዲትሮይት በጀሮም ሆርዊትስ እ.ኤ.አ. በ1964 ለካንሰር ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ቫይረሱ የዘር መረጃውን ሲገለብጥ ከሚጠቀምባቸው ፊደላት አንዱን መስሎ በመግባት ሰንሰለቱን ይቆርጣል። በ1987 ለኤች አይ ቪ ተፈቀደ፤ ከ1996 ጀምሮ የበርካታ መድኃኒቶች ጥምር ሕክምና ሲመጣ የበሽታው ገዳይነት በእጅጉ ቀነሰ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምናው መጀመሪያ በክፍያ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። የጤና ተቋማት «ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት» ሲሉት፣ ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ይለው ነበር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጠራርጎ የማያወጣ፣ ነገር ግን መባዛቱን የሚገታ በመሆኑ፣ በሽተኛው በየዕለቱ ሳያቋርጥ መውሰድ ይኖርበታል፤ «ፀረ» የሚለው ቃል የሚሰጠው የድል ተስፋ ይህን ግዴታ አይገልጽም።

ስሙ የሚሸፍነውና የሚገልጠው

መድኃኒቶች አስመሳይ መሆናቸው የሚከሽፉበትንም መንገድ ያስረዳል። ኤድዋርድ አብርሃምና ቼይን ገና በ1940፣ ፔኒሲሊን በሰፊው ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት፣ መድኃኒቱን የሚሰብር የባክቴሪያ ኤንዛይም እንዳለ አሳትመው ነበር። ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤል ንግግሩ መጠኑን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያዎችን እንደሚያላምድ አስጠንቅቋል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አስመሳዩን ይሰብሩታል፤ ሌሎች ፔኒሲሊን የሚጣበቅበትን ኤንዛይም ቅርጽ ስለሚለውጡ አስመሳዩ አይገጥምም። አንቲባዮቲኮቹ ራሳቸው በአፈር ውስጥ በተሕዋስያን መካከል ለረጅም ዘመን የቆዩ በመሆናቸው፣ የመከላከያው ዘዴም ከሰው ልጅ ሕክምና በፊት ነበረ። ቪይመ ቃሉን ሲያወጣ ያሰበው የሁለት ሕያዋን ግንኙነት በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ፍቺ መላመድን አስቀድሞ ይዞት ነበር ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱን ብቻ የሚጠራው የኋላኛው ፍቺ ግን ሁለተኛውን ወገን ከሥዕሉ አወጣው።

የዘመኑ ፋርማኮሎጂ ስለዚህ አዳዲስ የመድኃኒት ክፍሎችን በአሠራራቸው መሰየምን ይመርጣል፤ የዚህ ኤንዛይም አጋጅ፣ የዚያ መቀበያ ዘጊ እያለ ይጠራቸዋል። ለደም ግፊት የሚታዘዙት መድኃኒቶች በአንድ የ«አንቲ» ስም ቢጠሩም፣ አንዱ ሽንት ያበዛል፣ ሌላው የደም ሥርን ያላላል፣ ሦስተኛው የልብን ምት ያዘገያል፤ ሐኪሙም ምርጫውን የሚያደርገው በእነዚህ ልዩነቶች ነው። ይሁንና ባዕድ መነሻው ከመድኃኒት መጻሕፍት አልጠፋም። የአሠራር ስም የተመራማሪውንና የሐኪሙን ጥያቄ ሲመልስ፣ «አንቲ» የሚመልሰው መድኃኒቱ ለየትኛው በሽታ ነው የሚለውን የታማሚውን ጥያቄ ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ የመድኃኒት መጻሕፍትም ቅመሞቻቸውን በየበሽታው ስም ሥር ያሰፍሩ ነበር፤ የዛሬው ታማሚም «የወባ መድኃኒት»፣ «የግፊት መድኃኒት» እያለ በ«የ» ብቻ ያንኑ ይገልጻል። ሁለቱ የአሰያየም መንገዶች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ እስከሆነ ድረስ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አደጋው የሚመጣው መድኃኒቱ በማን ላይ እንደታዘዘ የሚናገረው ስም፣ እንዴት እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ጭምር እንደተናገረ ሲቆጠር ነው።